ሁለተኛው አረንጓዴ

የድንኳን ሸራ ሽታ ሲሸተኝ እስከ ዛሬ ድረስ ደስ ይለኛል። ሊለኝ አይገባም ነበር፤ ግን አፍንጫ ምክር አይሰማም። ሸራ የሚሸጥበት ሱቅ አጠገብ ሳልፍ ልቤ ፍንድቅ ይላል፣ ወዲያው ደግሞ ራሴን እጠላዋለሁ። አንድ ጊዜ ባሌ፣ «ልጆቹን ድንኳን ይዘን ወጣ እናድርጋቸው» ቢለኝ፣ ሰው ፊት አላልኩ፣ ምን አላልኩ፣ ጮህኩበት። «ኧረ ምን ነክቶሽ ነው?» አለኝ። ምን እንደነካኝ እኮ ለመናገር ከሰባት ዓመቴ መጀመር ሊኖርብኝ ነው። ማን ቁጭ ብሎ ይሰማኛል?

ወንድሜ በአሥር ዓመት ይበልጠኝ ነበር። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ብቻ ስላደገ አባዬ ሸምበቆ አለው፣ ሰፈሩም ተቀበለው፣ በመጨረሻ አስተማሪዎቹ ሳይቀሩ ሸምበቆ ይሉት ጀመር። እሱ ደግሞ እኔን ቁንጫ ይለኛል። ሌላ ሰው ቁንጫ ካለኝ እናከሳለሁ፤ እሱ ሲለኝ ግን ከስም ሁሉ የሚበልጥ ስም ይመስለኛል። አንድ ክፍል ውስጥ ነበር የምንተኛው። እማዬ መብራት አጥፍታ ስትወጣ ከትራሱ ሥር የእጅ ባትሪውን ያወጣና ጣሪያው ላይ ጥንቸል ይሠራልኛል፣ ውሻ ይሠራልኛል፣ አክስቴን ከነአፍንጫዋ ይሠራልኛል። አውሮፕላን በሌሊት ሲያልፍ መስኮቱ ላይ ያቆመኝና፣ «ያቺን መብራት የምነዳት እኔ ነኝ። አሁን ወደ ግራ ታጠፊ ልላት ነው፣ እያት» ይለኛል። ብትታጠፍ «አየሽ!» ነው፤ ባትታጠፍ «ዛሬ አኩርፋኛለች» ነው። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሰማይ ላይ የሚንቀሳቀስ መብራት ሁሉ የሸምበቆ ነው ብዬ አድጌያለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ቃል ገብቶልኝ ነበር። ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ተራራው ሥር ወስዶኝ ድንኳን ውስጥ ሊያሳድረኝ። ሰባት ዓመት ሞላኝ። «ትምህርት ቤት ይዘጋ» አለ። ትምህርት ቤት ተዘጋ። ከጓደኞቹ ጋር ቀድሞ ወጣ፣ «መንገዱን አይቼልሽ ልምጣ» ብሎ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዛሬ አውቀዋለሁ። ተራራው ላይ ጭጋግ ወረደ፣ ልጆቹ ተበታተኑ፣ ጓደኞቹ ወረዱ፣ እሱ አልወረደም። ያኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ያኔ ያየሁት አባዬ በእኩለ ቀን የሥራ ቀበቶውን ከነመፍቻው እንደታጠቀ ቤት ሲገባ ነው። እማዬ የሆስፒታል ልብስ እጥበት ክፍል ነበር የምትሠራው፤ ሰማያዊ ጋዋኗን ከግቢው ይዛ መውጣት ክልክል ነው፣ እሷም እንኳን ይዛው ልትወጣ ኪሱ ውስጥ ክር ቢቀር መልሳ የምትሄድ ሴት ናት። ያን ቀን ጋዋኗን ለብሳ፣ እጇ እስከ ክርኗ በሳሙና እንደራሰ መጣች። አክስቴ፣ የእማዬ ታላቅ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ብርድ ልብስ ትጠቀልላለች። ማንም ማንንም አያይም።

«ወዴት ልንሄድ ነው?» አልኩ።

«ተራራው ሥር» አለ አባዬ።

«ሸምበቆ ጋ?»

«አዎ፣ ሸምበቆ ጋ።»

«ድንኳን ውስጥ ነው የምናድረው?»

አባዬ እማዬን አየ። «አዎ ሚጣዬ፣ ድንኳን ውስጥ ነው።»

ጮቤ ረገጥኩ። «ቃሉን ጠበቀ! አላልኳችሁም? ቃሉን ጠበቀ!» እያልኩ ከክፍል ክፍል ሮጥኩ። አባዬ የጫማውን ክር ሊያስር አጎነበሰና እዚያው ቀረ። ክር ማሰር ይህን ያህል የሚያስቸግር መሆኑ ገርሞኝ ነበር።

እኔን ማን ጋ ይተዉኝ? ዘመድ የምትባለው አክስቴ ብቻ ናት፣ እሷም «እህቴን ብቻዋን አልልክም» አለች። እንዲህ ሆኖ ነው ወንድሜ የሚፈለግበት ቦታ የልጅነቴ ትልቁ ሽርሽር የሆነው።

ቦታው ድሮ ግንድ የሚሰነጠቅበት ግቢ ነበር። ጠጠር የፈሰሰበት፣ ዳር ዳሩ የበሰበሰ ጣውላ የተከመረበት። መሃል ላይ የፈላጊዎቹ ድንኳኖች፣ ገመዶች፣ ጭቃ የበላቸው ቦቲዎች። ለእኛም አንድ ድንኳን ሰጡን። ዘይትና አሮጌ ዝናብ ይሸታል። ገብቼ መሬቱ ላይ ተንከባለልኩ፣ በጣቴ ሸራውን እየገፋሁ ሳቅኩ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ተራራውን ታያለች። ተራራው አይታይም፣ ጉም ውጦታል።

የፈላጊዎቹ አለቃ ቀጭን፣ ድምፁ የሻከረ ሰው ነበር። ለወላጆቼ ሲያስረዳ እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ ጠጠር እለቅማለሁ። «ሸንተረሩን ካለፍን ሬዲዮው አይሰማም» አለ። «ስለዚህ በመብራት ነው የምንነጋገረው። ነጭ ካያችሁ እየፈለግን ነው፣ አካባቢውን እያበራን ነው ማለት ነው። አረንጓዴ ካያችሁ አግኝተነዋል፣ እየተመለስን ነው።»

«አረንጓዴ ከሆነ ተገኝቷል» አለች እማዬ፣ እንደ ተማሪ እየደገመች።

«ተገኝቷል፣ እህቴ።»

ከዚህ ሁሉ ውስጥ የያዝኩት ምን መሰላችሁ? እየተፈለገ መሆኑን። ሸምበቆ ተደብቋል! በድብብቆሽ እኮ አቻ አልነበረውም። ያ ሁሉ ቁመት የት እንደሚገባ እንጃ፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ታጥፎ ይቀመጣል፣ ከአልጋ ሥር እንደ ምንጣፍ ይዘረጋል። እነዚህ ሰዎች ገመድና ቦቲ ይዘው፣ ተንጫጭተው ሊያገኙት ነው? ድንቄም አልኩ በሆዴ።

የመጀመሪያው መብራት የታየው ጉሙ ሲገለጥ ነው። ከጥቁሩ ተራራ ጀርባ አንድ ነጭ ነገር ተተኩሶ ወጣና፣ ይወድቃል ስል ሰማይ ላይ ቆመ። ተንጠለጠለ። ከዚያ ቀስ እያለ፣ እየተወዛወዘ መውረድ ጀመረ። ዛሬ በትንሽ ጃንጥላ የሚወርድ የመፈለጊያ መብራት መሆኑን አውቃለሁ። ያኔ ኮከብ የማይሆን፣ አውሮፕላን የማይሆን፣ በዓለም ላይ ማንም አይቶት የማያውቅ ነገር ነበር። የተራራው ገደል ሁሉ ወለል ብሎ ታየ፣ ጥላዎቹ ሮጡ፣ ከዚያ ድርግም አለ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ፣ ወደ ቀኝ ራቅ ብሎ።

«ሸምበቆ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «እያሾፈባቸው ነው! እዚህ ነኝ ይላቸዋል፣ ሲሄዱ ደግሞ እዚያ ይሄዳል!»

አክስቴ ሳበችኝና ቀሚሷ ውስጥ ሸጎጠችኝ። ያን ምሽት ቀዝቃዛ ሻይ በብስኩት በልቼ፣ ወንድሜ በሰማይ ላይ ሲጫወትልኝ እያየሁ ተኛሁ። ንግሥት የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

በቀን ብዙ የሚሠራ ነገር አልነበረም። አባዬ በመጀመሪያው ጠዋት ከፈላጊዎቹ ጋር ልሂድ ብሎ ተነሳ። ከመብራት ምሰሶ ወድቆ ጉልበቱ ከተሰበረ ወዲህ ዳገት አይሆንለትም፤ ብዙም ሳይርቅ በሁለት ሰው ተደግፎ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ግቢው ጫፍ ባለ ግንድ ላይ ተቀምጦ ቀረ። መስመር ዘርጊ ነበር፤ ያ ተራራ ላይ ከቆሙት ምሰሶዎች ግማሾቹን የተከለው እሱ ነው። ገደሉን፣ ጅረቱን፣ ሁሉን ያውቀዋል። የሚያውቁትን ተራራ ከሩቅ ሲያዩ መዋል ሰውን ምን እንደሚያደርግ የገባኝ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው።

ግቢውን የሚጠብቅና ለፈላጊዎቹ ምግብ የሚሠራ አንድ ወፍራም ሰው ነበር። ወሬው አያቆምም፤ አክስቴ በመጣን በሰዓቱ ጎርፍ ብላ ሰየመችው። ሽንኩርት ሲከትፍ ያወራል፣ ድስት ሲያጥብ ያወራል፣ ስለ ሚስቱ ጥርስ፣ ስለ ድሮ ዝናብ፣ ስለ አንድ ባለ ሦስት እግር በሬ።

«ሰውዬ፣ ምላስህ አይደክምም?» ትለዋለች አክስቴ።

«ዝም ካልኩማ ያን ጊዜ ፍሩ» ይላታል።

አንድ ቀን ግን አክስቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስታናግረው ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

«እስቲ እውነቱን ንገረኝ። በዚህ ብርድ ሰው ምን ያህል ይቆያል?»

«ወጣት ነው። ውሃ ካገኘ፣ ከነፋስ ከተጠለለ...»

«ካልተጠለለስ?»

«እትዬ፣ እኔ ወጥ ሠሪ ነኝ። እባክዎ እንዲህ ያለውን እኔን አይጠይቁኝ።»

ምን ያህል ጊዜ ተደብቆ እንደሚቆይ እየተወራረዱ መሰለኝ። ኩራት ነፋኝ። በዚያው ቀን ፈላጊዎቹ ደክሟቸው፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው ሲወርዱ መንገዳቸው ላይ ቆምኩና እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ «አታገኙትም! ሸምበቆን ማንም አግኝቶት አያውቅም! ዕድሜ ልካችሁን ብትፈልጉ አታገኙትም!» አልኳቸው።

ሰዎቹ ቀጥ አሉ። እማዬ ከየት መጣች ሳልል በጥፊ አጮለችኝ። እማዬ መትታኝ አታውቅም ነበር፤ ቁጣዋ እንኳን ሹክሹክታ ነው። ጉንጬን ይዤ አየኋት። እሷም የገዛ መዳፏን አየች። ከዚያ ድንኳኑ ውስጥ ገባች፣ እኔ ደግሞ ሆዴ ባብቶ ጣውላው ክምር ኋላ ሄጄ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለጨዋታ ተመታሁ ብዬ ነው።

ሲመሽ ነጮቹ መብራቶች እንደገና ጀመሩ። አሁንማ ለምጃቸዋለሁ፣ ትንሽም ሰልችተውኛል። ልጅ ተአምርም ቢሰጡት ይሰለቸዋል። ከጥፊው በኋላ ደግሞ ሸምበቆ ካሳ እንዲከፍለኝ ፈልጌያለሁ። ማንም ሳያየኝ ግቢው ጫፍ ሄድኩና እጄን አፌ ላይ አድርጌ ወደ ተራራው ጮህኩ።

«ሸምበቆ! ነጩን ተወው! ቀለም ያለው ላክልኝ!»

አንድ ነጭ ወረደ። ጠፋ። ጨለማው ረዘም አለ። አኩርፎኛል ብዬ ልመለስ ስል፣ ከሸንተረሩ ጀርባ አረንጓዴ ወጣ።

እንዴት ልንገራችሁ። ሰማዩ አረንጓዴ ሆነ፣ ጠጠሩ አረንጓዴ ሆነ፣ እጄን አየሁት አረንጓዴ ነው። «ሰማኝ!» ብዬ ዘለልኩ። ወደ ድንኳኑ ስሮጥ እማዬ በባዶ እግሯ እየሮጠች ወጣች። ጠጠሩ ላይ በባዶ እግሯ! አክስቴ ነጠላ ጫማ ይዛ ከኋላዋ፣ «እግርሽ! እግርሽ!» ትላለች።

«ተገኘ! እትዬ፣ ተገኘ! አረንጓዴ ነው! አየሽው? አረንጓዴ ነው አይደል?»

«አረንጓዴ ነው። እሰይ! እሰይ የኔ ጌታ! አረንጓዴ ነው!»

ሁለቱ ተቃቅፈው እየተሽከረከሩ መሬት ላይ ወደቁ። እኔም ላያቸው ላይ ወጣሁ። እማዬ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችኝ፣ የመታችውን ጉንጭ ደጋግማ ሳመችው። «እውነትሽን ነው፣ እውነትሽን ነው የኔ እናት፣ ያንቺ ወንድም እኮ አስቸጋሪ ነው፣ ማንም አያገኘውም» አለችና ሳቀች። እማዬ እንደዚያ ስትስቅ ከዚያ በፊት አልሰማሁም፤ ከዚያ በኋላም አልሰማሁም።

ከዚያ የተጀመረውን ሥራ ብታዩ! «ለመውረድ ጊዜ ይፈጅባቸዋል፣ እስኪደርስ ሁሉም ይሙቅ» አለች። የእጥበት ክፍል ሴት ናት፣ ጨርቅ እንዴት እንደሚሞቅ ታውቅበታለች። ጎርፍን ትልቁን ድስት አስጣደችው። ሹራቡን ትኩስ ማንቆርቆሪያ ላይ ጠቀለለችው። ካልሲዎቹን ጡቷ ሥር ከተተች። ብርድ ልብሱን ዘርግታ፣ አራግፋ፣ ልክ ሥራ ቦታዋ አንሶላ እንደምታጥፈው ጠርዝ ከጠርዝ አጋጥማ አነጠፈች።

«ሲመጣ ምን እንደምለው ታውቂያለሽ?» ትላለች። «አንተ ረጅም ደንቆሮ፣ ነው የምለው።»

«ጆሮውን ነው የምቆነጥጠው እኔ» ትላለች አክስቴ።

«አትደርሺበትም!»

«በርጩማ ላይ ቆሜ እቆነጥጠዋለሁ!»

ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ፣ እንደገና ይስቃሉ። እኔ በመካከላቸው ሾርባ እየጠጣሁ፣ ማንም ተኚ ሳይለኝ፣ ይህ ሁሉ ደስታ እኔ ቀለም ስለጠየቅሁ የመጣ መስሎኝ ልፈነዳ ደርሻለሁ። ጎርፍ ብቻ ነበር ቅር ያሰኘኝ። እሳቱን ይቆሰቁሳል፣ ውሃ ይጨምራል፣ ቃል አይተነፍስም። አክስቴ፣ «ዛሬ ምነው ነጠፍክ?» ብትለው፣ «ጭሱ ዓይኔን ይዞኝ ነው» አላት።

አባዬ አልመጣም። ፈለግሁት። ግቢው ጫፍ ግንዱ አጠገብ ቆሟል፣ አንገቱን ወደ ላይ አቅንቶ። አረንጓዴው ከጠፋ ቆይቷል፤ ሰማዩ ጥቁር ነው።

«አባዬ፣ ጠፋ እኮ። ምን ታያለህ?»

«ሌላ ይመጣ እንደሆነ ብዬ ነው።»

«ሌላ አረንጓዴ?»

«አዎ።»

እጁን ያዝኩና እኔም ወደ ላይ አየሁ። እጁ ውርጭ ነው።

«ሁለተኛው ሲመጣ ምን ይሆናል?»

ለኔ የነገረኝ ይመስለኛል ለአንድ ሰው መናገር ስለነበረበት ነው፣ እኔ ደግሞ ገና እንደ ሰው አልቆጠርም። «ሁለተኛው ከመጣ ሸምበቆ በእግሩ ይመጣል» አለኝ።

«ካልመጣስ?»

«ተሸክመው ያመጡታል።»

«ቅንጦተኛ!» አልኩ፣ ቀንቼ። እኔን ሲደክመኝ ማን ተሸክሞኝ ያውቃል? ከዚያ፣ «እማዬን ልጥራት? እሷም አብራን ትጠብቅ» አልኩት።

«አትጥሪያት» አለ። «ሥራ ላይ ናት። ተያት።»

አባዬ በጎረምሳነቱ፣ ከእማዬ ጋር ሳይጋቡ፣ መንገድ ስለሚያውቅ ከፈላጊዎች ጋር እየወጣ ቃሬዛ ይሸከም ነበር። አለቃው ለቤተሰብ የሚነግረው ግማሹን ነው። የቀረውን ፈላጊዎቹ ብቻ ያውቁታል፤ አንድ አረንጓዴ ተገኝቷል ነው፣ ወዲያው ሁለተኛ ከተከተለ በሕይወት አለ ነው። ለቤተሰብ ሁለተኛውን አይነግሩም። ቢነግሩ እኮ አንዱ መብራት ብቻውን ሲወጣ እናት ከሰማይ ተረድታ ሌሊቱን ሙሉ ሬሳ ስትጠብቅ ልታድር ነው። ለደግ ያወጡት ሥርዓት ነው። አባዬም ለደግ ነው ዝም ያለው። ይህን ሁሉ ያጫወተኝ ከዓመታት በኋላ ጎርፍ ነው፤ ከተማ ውስጥ አግኝቼው፣ አርጅቶ፣ አሁንም ወሬኛ ሆኖ።

እና እኔና አባዬ ቆመን ጠበቅን። ከኋላችን እማዬ ትስቃለች። በሳቀች ቁጥር የአባዬ እጅ እጄን ጭብጥ ያደርገዋል። ሁለተኛው አልመጣም። እግሬ ሲዝል ግንዱ ላይ አስቀመጠኝ፣ ኮቱን አለበሰኝ፣ እሱ ግን አልተቀመጠም።

ሲነጋጋ በዳገቱ ላይ የእጅ ባትሪዎች ተሰልፈው ሲወርዱ ታዩ። ቀስ ይላሉ። እማዬ ሹራቡን ደረቷ ላይ አቅፋ ወጣች፣ አክስቴ ከኋላዋ። ቃሬዛውን ስታይ ትንሽ እንኳን አልደነገጠችም፤ «እግሩን ጎድቶታል ማለት ነው» አለች፣ «ምንም አይደል፣ እግር ይድናል»። ደረሱ። ከራስ እስከ እግር ሸፍነውታል፣ በገመድ አስረውታል።

«ምነው ፊቱን ሸፈናችሁት? ግለጡለት እንጂ፣ ታፍኑታላችሁ እኮ ልጄን!»

አለቃው ባርኔጣውን አወለቀ። ሰዎቹ ቃሬዛውን ጠጠሩ ላይ አስቀመጡት። አክስቴ ቀድማ ገባት መሰለኝ፣ ጠጠሩ ላይ ቁጭ አለች። እማዬ ግን ሰዎቹን ተራ በተራ እያየች፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፣ «ለምንድን ነው የማትገልጡት?» ትላለች። እኔ ደግሞ አውቃለሁ እኮ! መልሱን የማውቀው እኔ ነኝ! ጋዋኗን ሳብኳት።

«እማዬ፣ ሁለተኛው አረንጓዴ ስላልመጣ ነው ተሸክመው ያመጡት። ቢመጣ በእግሩ ይመጣ ነበር። አባዬ ነግሮኛል፣ አብረን ስንጠብቅ አደርን እኮ።»

እማዬ አየችኝ። ከዚያ አባዬን አየችው። ግንዱ አጠገብ እንደቆመ ነው።

«ምንድን ነው ይቺ ልጅ የምትለው?»

አባዬ ሁለት እርምጃ ወደሷ መጣና ቆመ።

«ታውቅ ነበር?»

«እስኪነጋ ድረስ» አለ አባዬ፣ «እስኪነጋ ድረስ ልጅ ይኑርሽ ብዬ ነው።»

«ልጄ ሞቶ» አለች እማዬ፣ «ልጄ እዚያ ብርድ ላይ ሞቶ፣ እኔ ስገለፍጥ አደርኩ? ቆመህ አሳቅኸኝ?»

ከዚያ ጩኸቷ መጣ። እሱን አልጽፈውም። እኔ ገና አልገባኝም ነበር፤ ሸምበቆ ወደኔ በመጣበት ቀን እንቅልፉን ይለጥጣል ብዬ ተናድጄ ነበር፣ ሄጄም በጆሮው በኩል፣ «ተነስ፣ አግኝተውሃል፣ ጨዋታው አልቋል» አልኩት። ጎርፍ አንስቶ ወሰደኝ። ትከሻው ላይ ሆኜ፣ አረንጓዴው በጣም ያምር እንደነበር ነገርኩት።

እማዬና አባዬ አልተፋቱም። ቢፋቱ ይሻል ነበር። አንድ ጣሪያ ሥር፣ አንድ ገበታ ላይ፣ ሃያ ምናምን ዓመት ኖሩ። አልተሰዳደቡም፣ አልተኮራረፉም። ግን እማዬ አባዬ የሚነግራትን መልካም ነገር ማመን ተወች። «ልጅሽ ፈተናውን አልፋለች» ቢላት፣ «እሺ» ትለውና ወደ ክፍሌ መጥታ በሹክሹክታ፣ «እውነት ነው?» ትለኛለች። «ዝናቡ አባርቷል» ቢላት እንኳን መስኮቱን ከፍታ እጇን ታወጣለች። እሱም ያያታል። ዓይኑ እያየ፣ ቀስ በቀስ፣ መልካም ነገር መናገር ተወ። በሠርጌ ቀን «ታምሪያለሽ» ሊለኝ አፉን ከፈተና እናቴን አይቶ ዘጋው።

በኋላ ሳንባው ታመመ። ሆስፒታል ተኛ፣ እማዬ ዕድሜዋን አንሶላውን ስታጥብበት የኖረችው ሆስፒታል ውስጥ። አንድ ምሽት ሐኪሙ እኔንና እሷን ኮሪደር ላይ አውጥቶ፣ ምናልባት እስከ ጠዋት ላይቆይ እንደሚችል ነገረን፤ «ባትነግሩት ይሻላል፣ ይረፍ» አለ። እማዬ ራሷን ነቀነቀች። እኔ እሺ ያለች መሰለኝ።

ስንገባ አባዬ ዓይኑን ገለጠ። ከስቶ፣ ከትራሱ ጋር ተስተካክሏል። ተስፋ ነበረው፤ በዚያው ሰሞን ትንሽ ሾርባ በልቶ፣ ሲሻለው ግቢው ውስጥ ያለውን ቧንቧ እንደሚጠግነው ሲያወራን ነበር።

«ሐኪሙ ምን አለ?» አላት። እኔን አይደለም የጠየቀው፣ እሷን ነው።

እማዬ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። እጁን ያዘች። በስንት ዓመቷ እንደያዘችው አላውቅም።

«እስኪነጋ አትቆይም አለ» አለችው።

አባዬ ብዙ አያት። የሆነ ነገር ትጨምራለች ብሎ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። እሷም ዓይኗን ከዓይኑ ላይ አልነቀለችም። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ማልቀስ ጀመረ፤ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። እኔ በሁለቱ መካከል ቆሜ ማንን እንደምይዝ ጠፋኝ። እንደዚያው እያለቀሰ አደረ፣ እጁን እንደያዘች አደረች፣ ሊነጋ ሲል ሞተ።

ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ፣ ከተማው ገና ሱቁን እየከፈተ፣ ወደ መስኮቱ እንደዞረች፣ «የነገርኩት ለበቀል አይደለም» አለችኝ። «እሱ ያኔ እንዲነግረኝ እፈልግ እንደነበረው አድርጌ ነው የነገርኩት።»

ላምናት ፈለግኩ። እናቴ ናት። አላመንኳትም።